የቺራግ ዲን ጥቁር ሽቦ

ቺራግ ዲን በላሆር አሮጌው ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ የጠገነ ሰው ነው። ኩራት እራቱ! የሞተ ቴፕ አስነስቶ ለባለቤቱ ሲመልስ "አልነገርኩህም?" ማለት ይወዳል፤ ምንም ያልነገረውን ሰው እንኳ። ያን ሰሞን ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መሳቂያ አደረገችው።

ጣጣው የመጣው በጉልዛር ነው። ጉልዛር ስኳር ድንች በትኩስ አመድ ጠብሶ በጋሪ እየዞረ የሚሸጥ፣ የቺራግ ዲን የልጅነት ጓደኛ ነው። በሙቀቱ ወራት ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ነፍሱ ስትተርፍ ድምፁ እዚያው ቀረ። በእኛ መንገድ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሻጭ ምን ሊሆን ነው? ሴቶቻችን ለድንች ብለው አራት ፎቅ አይወርዱም። ጥሪውን ሲሰሙ ገንዘቡን በቅርጫት አድርገው በገመድ ይለቁታል፤ ድንቹም መልሱም በዚያው ቅርጫት ይወጣል። ከላይ ሆነው ሰውየውን አያዩትም፤ የሚያምኑት ድምፁን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ደወል ሞከረ። ቆሻሻ ሰብሳቢው የመጣ መስሏቸው አንዷ የሽንኩርት ልጣጭ ጋሪው ላይ ደፋችበት። ቀጥሎ የማያውቀው ሰው ድምፅ የተቀዳበት ሳጥን ገዛ። "ይሄ ደግሞ የማን ጎረምሳ ነው? ለማናውቀው ሰው ገንዘባችንን አናወርድም!" አሉ ከላይ። አንድም ቅርጫት አልወረደም።

ካራቺ ያለው ልጁ በቃህ አለው። ጋሪውን ሽጠህ እኔ ዘንድ ተቀመጥ ብሎ ለእሑድ የባቡር ቲኬት ላከለት። ጉልዛር ቲኬቱን ይዞ ቺራግ ዲን ሱቅ መጣና ድንች በሚጠቀልልበት ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጻፈ፦ "እዚያ ግድግዳ እያየሁ ልሞት ነው።"

"ሞት አትጥራብኝ! ተቀመጥ። ድምፅህን እኔ አወጣልሃለሁ" አለ ቺራግ ዲን።

የተናገረው ለጉራ አልነበረም። አንድ ቴፕ በጠገነ ቁጥር መቅዳቱን ለማረጋገጥ ማይኩን ወደ በሩ አዙሮ የመንገዱን ጫጫታ ይቀዳ ነበር፤ ካሴቶቹን ደግሞ አይጥልም። ከአንድ ካርቶን ሙሉ ውስጥ የጉልዛርን የጉብዝና ድምፅ አገኘ፦ "ትኩስ! ማር የመሰለ! ጉልዛር መጣላችሁ!" ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጠው። የቀረው ካርዱን የምታነብ ሰሌዳ፣ ድምፁን የምታጎላ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ባትሪና ስፒከር ማገናኘት ነው። ለእሱ ይቺ ምን አላት!

አገናኘና ከፈተ። "ትኩስ! ማር የ—" አለና ጸጥ። የተቃጠለ ሽታ ሱቁን ሞላው። ሁለተኛዋን አምፕሊፋየር ቀየረ፤ እሷም ተቃጠለች። ዓርብ ዕለት ሦስተኛዋ ተከተለቻቸው።

"የዛሬ ዘመን ዕቃ! ድሮ ሬዲዮ ከፎቅ ወድቆ ዜና ያወራ ነበር!" እያለ ተሳደበ።

የቺራግ ዲን ልጅ ሚስት ሱምበል የሴቶች ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያው ጭስ ሲወጣ ጀምሮ ጥፋቱ ገብቷታል፤ ግን ዝም አለች። አምና የምጣድ ሶኬት ሲጠግን ብታርመው ሁለት ቀን ያበሰለችውን አልቀምስም ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል?

ቅዳሜ ምሳ ደርሷል ልትለው ስትመጣ፣ በእጁ የቀረችው አንዲት አምፕሊፋየር ብቻ ነበረች። ጉልዛር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የድንች መጠቅለያ ጋዜጦቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ያስራል፤ ሊሄድ ነው። ቺራግ ዲን አየውና አምፕሊፋየሯን ወደ ሱምበል ገፋ አደረጋት።

"ልጄ…" አለ፤ ጥርሱ የተነቀለ ያህል አመመው። "እስቲ ይቺን እዪልኝ።"

ሱምበል ጎንበስ አለች። "አባባ፣ የስፒከሩን ጥቁር ሽቦ የት ነው ያሰሩት?"

"የት ይታሰራል! ግራውንዱ ላይ ነዋ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር። አርባ ዓመት እዚያው ነው የማስረው።"

"እሱ ነው የገደላቸው። በዚች ላይ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ኃይል አላቸው። ሁለቱንም ከራሷ መውጫ ጋር ያገናኙ እንጂ ግራውንድ አያስነኳቸው። አብሯት የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል እኮ።"

"ወረቀቱን ማን አነበበው!"

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ጥቁሩን ሽቦ ከግራውንዱ ፈታ፤ ይቺም ከተቃጠለች ጓደኛው ነገ ባቡር ላይ ነው። በየቦታው አሰረና ከፈተ።

"ትኩስ! ማር የመሰለ! ጉልዛር መጣላችሁ!" ሱቁ ተናወጠ። ወዲያው ግን ከኋላ ሌላ ድምፅ ተከተለ፦ "ኧረ ጉልዛር፣ አፍህን ዝጋ! ሰው ሥራ ላይ ነው!"

የቺራግ ዲን የራሱ ድምፅ! በካሴቱ ላይ ደክሞ ስለሚሰማ ልብ አላለውም ነበር፤ አምፕሊፋየሯ እሱንም አጎላችው። ፊቱ ቀላ። አፍህን ዝጋ ያለው ሰው ዛሬ አፉ ተዘግቶ ከፊቱ ተቀምጧል።

"ሱምበል፣ ቁረጪው። ይቺን ቁረጪልኝ፣ በአላህ!"

ጉልዛር ብድግ ብሎ እጇን ያዘ። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ ተዉት፣ አይቆረጥ ማለቱ ነው። እምባው እየወረደ ያለ ድምፅ ይስቃል።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጋሪውን ወደ መንገዱ ገፉት። ሳጥኑ ጮኸ፦ "ጉልዛር መጣላችሁ!" ቀጥሎም "አፍህን ዝጋ!" ቺራግ ዲን መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ከአራተኛው ፎቅ የጉልዛር የድሮ ደንበኛ የቢቢ ዞህራ ቅርጫት እየተወዛወዘ ወረደ፣ ድምጿም ተከተለው። "ቺራግ ዲን! አንተ ራስህ ዝጋ! ተወው፣ ይጣራበት! ስንናፍቀው ከርመን!"

በየሰገነቱ ሳቅ ፈነዳ። ቅርጫቶቹ ከግራም ከቀኝም መውረድ ጀመሩ። ቺራግ ዲን በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ጉልዛር አመዳም እጁን ኪሱ ከተተና የካራቺውን ቲኬት አወጣ። በጀርባው ላይ አንዲት ቃል ጽፎ ለጓደኛው ሰጠው፦ "አልነገርኩህም?"