ሰርቨሩን የጣለችው አንዲት ጥያቄ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጃርሶ ሰርቨሩን አሳየኝና «ይሄ ከቆመ ሞያሌ ቆመች ማለት ነው» አለኝ። ማጋነን ይወዳል። ቢሮአችን በድንበር ከተማዋ በኬንያው በኩል ነው፤ የነጋዴዎችን የጭነትና የከብት ፈቃድ ማመልከቻ በስልክ ተቀብሎ ያስተላልፋል።

የሰርቨሩ ፕሮግራሞች ኮንቴይነር በሚባሉ ለየብቻ በታጠሩ ክፍሎች ውስጥ ይሠራሉ። ክፍሎቹን የሚያገናኘውን የኔትወርክ ሶፍትዌር የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰዉ ግን በስዋሂሊ ፉንዲ፣ ጠጋኝ፣ ይለኛል፤ ቧንቧ የሚጠግነውንም ፉንዲ ነው የሚለው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲስተሙ ወደቀ። ባስነሣው መልሶ ይወድቃል። ነጋዴዋ ዘሃራ ደጅ ቆማለች። ጎልቦ ከሚባለው ቆላ የገዛቻቸው ፍየሎች ሎሪ ላይ ተጭነው ፀሐይ እየጠበሳቸው ነው፤ ያለፈቃድ ደግሞ ሎሪው አይንቀሳቀስም። ያላት ንብረት እነሱው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ፍየል እንደ ሲሚንቶ ተጭኖ አይከርምም» አለችኝ።

እኛ ጋ ፈቃድ ሲዘገይ ነጋዴው ደግሞ ይልካል፤ ወንድሙ በኢትዮጵያ ሲም፣ ደላላው በኬንያ ሲም ያንኑ ይልካሉ። ጃርሶም በዚህ ተናደደ።

«እነዚህ ሰዎች አጨናነቁን። ከኢትዮጵያ ሲም የሚመጣውን በሙሉ ዝጋ» አለኝ።

ዘሃራም የላከችው በኢትዮጵያ ሲም ነው።

«አልዘጋም፣ ቦስ። ብዛት ቢሆን መጀመሪያ ይንቀራፈፍ ነበር፤ ይሄ ግን በአንዴ ነው ድርግም የሚለው።»

የሚገባውን እየተከታተልኩ አስነሣሁት። ከመውደቁ በፊት ሁልጊዜ አንዲት የተበላሸች ጥያቄ፣ ማለትም ለሲስተሙ የተላከች መልእክት፣ ትገባለች። የምትመጣው ከማናውቀው የኢንተርኔት አድራሻ ነው እንጂ ከኢትዮጵያም ከኬንያም ሲም አይደለም። የኔትወርኩ ሶፍትዌር እሷን ለማንበብ ሲሞክር ይሞታል፤ ክፍሎቹም ይቆራረጣሉ። ክፍተቱ የታወቀ ነው፤ ሠሪዎቹም ማስተካከያ አውጥተውለታል። ለመጫን ግን ሁሉን ነገር ማጥፋት ያስፈልጋል።

«ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ልታጠፋው?» አለ ጃርሶ።

«አሁንስ መች በራ፣ ቦስ?»

ወጥቼ ሁሉን አጥፍቼ ስሠራው እንደሚስተካከል ለዘሃራ ነገርኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አጥፋውና ሥራ። ከዋሸኸኝ ግን የሞቱትን ፍየሎች እዚሁ ደጃችሁ ላይ ነው የማራግፋቸው።»

ማስተካከያውን ጭኜ አበራሁት። ሰዉ ሁሉ እንደገና ላከ፤ ከቅድሙ ይብሳል። ያቺ ጥያቄም መጣች። ሶፍትዌሩ ግን ሳይወድቅ እሷን ወደ ጎን ትቶ ሥራውን ቀጠለ። የዘሃራ ፈቃድ ሲወጣ ምስጋና የለ፣ ደህና ዋል የለ፤ ሾፌሩን በኦሮምኛ እየተጣራች ሮጠች። በጣም ደስ አለኝ።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይሄን ነው፦ ሲስተም ሲወድቅ ሰው በዛ ብላችሁ ሰው አትዝጉ። የጣለውን ፈልጋችሁ እሱን ዝጉ።