አሥራ ሦስት ጊዜ የተከፈተው ፍሪዘር

ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የደም ምርመራ ላብራቶሪ በዕቃ አጣቢነት የተቀጠርኩ ዕለት አንዱን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አራተኛ ስጀምር አለቃዬ ዶክተር ሰናይት፣ «እትዬ ወይንሸት፣ ጠርቷል እኮ» አሉኝ።

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አልኩ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ያላወቅሁትን በማጠብ እሸፍን ነበር።

ቆይቶ ትልቁን ፍሪዘር እንድጠብቅ ተሰጠኝ። ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ የደም ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ናሙና በትንንሽ ቱቦ ይቀመጥበታል። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ መብራት ሲጠፋ በሩ አይከፈትም።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩም አልነሳ አለ። ዶክተሯ ኦሎምፒያ ሰፈር ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔ እንኳን ፍሪዘር፣ ልጆቼ ሲተኙም ትንፋሻቸውን ካላዳመጥኩ አላምንም። ከፍቼ እጄን አስገባሁ፤ ይቀዘቅዛል። ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቼ፣ አሁንስ ብዬ ከፈትኩ።

ዶክተሯ ከሰዓት ሲመጡ በሩ አጠገብ ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ደም መቅለጥ ጀምሯል።

«ስንት ጊዜ ከፈቱት?»

«አሥራ አንድ።» መዋሸት ፈራሁ። «ሁለት ጊዜ ደግሞ በደንብ መዘጋቱን ለማየት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከቀለጡት አንደኛው ቱቦ የአንዲት የቄራ ሰፈር ልጅ ነበር፤ ሕክምና ከመጀመሯ በፊት የተቀዳ ደም። አሁን ጀምራለች፣ እንዲያ ያለ ናሙና ዳግም አይገኝም። ሐኪሞቿ የሚቀጥለውን ሕክምና ለመምረጥ ውጤቱን ይጠብቃሉ።

ሁለት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ።

«ለመሆኑ ከደሟ ምኑን ነው የምትፈልጉት?» አልኳቸው ዶክተሯን።

«ኤንፒኤም ዋን የሚባል ጂን አለ። እሱ የሚያሠራው ፕሮቲን በሴሉ አስኳል ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖችን ያለቦታቸው እንዳይጣበቁ ደግፎ ይይዛቸዋል። ልጅቷ ላይ ጂኑ መለወጥ አለመለወጡን ነው የምናየው።»

«እንደ እናት ነዋ።»

«እሱ እንኳ ቦታቸው አድርሶ ይለቃቸዋል» አሉ። ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሲሞክሩ አይቼ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ጠፋ።

በቀለጠው ደም ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በሁለተኛው ውጤቱ ተነበበ። ጂኑ ተለውጧል፤ ከሌላው ውጤቷ ጋር ሲታይ ግን ለሕክምና ደህና ምልክት ነው አሉ ዶክተሯ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። መብራት ሲጠፋ በሩን በፕላስተር አሽጌ ከክፍሉ እወጣ ነበር። ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው ይኸው ነው፦ መጨነቅ ለብቻው ሥራ አይደለም።