የተማም ሳይክል

ባሌ ተማም ሳይክሉን የገዛው መንዳት ሳይችል ነው። ከቦንጋ ወደ አገሩ የተዛወረ አንድ መምህር ሲሸጠው አይቶ አላስቻለውም። ሁለት ሳምንት ጉልበቱን እየላጠ ተማረ።

ቦንጋ ዳገት ናት። ጠዋት ቁልቁል ወደ ሱቁ ይነዳል፤ ማታ ሽቅብ እየገፋ ይመለሳል። ጎረቤታችን ጋሽ ደጉ፣ «ተማም፣ ዛሬም አንተ ነህ ሳይክሉን ያመጣኸው?» ይሉታል።

«ጠዋት እሱ ወስዶኝ የለ ጋሼ? ተራ ነው» ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን እኔንም ከኋላ ጭኖኝ እስከ ገበያው ወረደ። ዓይኔን ጨፍኜ ወገቡን ይዤ ነበር፤ እሱ መንገዱን ሁሉ ሳቀ።

ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። የሐዘን ዒዳዬ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን እስኪሞላኝ ከግቢ አልወጣም። ሳይክሉም በረንዳው ላይ ቆሟል። በየቀኑ እወለውለዋለሁ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

ትናንት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ያህያ ገዢ ይዘው መጡ። ሰውየው ውጭ በር ላይ ቆመ።

«ራሕመት፣ ዝገት ሳይበላው ይሸጥ። አንቺ እንደሆንሽ አትነጂውም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

«ዒዳዬን ልጨርስና ይሸጥ» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ሰውየው ቁልቁለቱን ይዞት ሲወርድ መንገድ ላይ ወጥቼ ልየው። እዚህ አጥሩ ውስጥ ሆኜ አይሂድብኝ።»

ጋሽ ያህያ ወጥተው ገዢውን ከአርባ ቀን በኋላ እንዲመጣ ነገሩት።