ዳንቴል የለበሰው ፋየርዎል

ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር ለእኔ አልተፈጠረም። ሻይ አዝዤ እስኪቀርብልኝ እንኳ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለች ሰው የኔትወርክ ባለሙያ ስትሆን አስቡት። ስልኬ ጭጭ ሲል ሰላም አይሰማኝም፤ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለኛል።

አምቦ ላይ በግሌ መሥራት እንደጀመርኩ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት አስጠራኝ። ቫይረስ ገብቶ የሒሳብ ፋይላቸውን በሙሉ ቆልፎባቸዋል። ሰውየው ጥፋቱን የጣለው በሒሳብ ሠራተኛዋ ላይ ነበር፤ የቢሮውን የዋይፋይ ፓስዎርድ ለመጣው ሁሉ የምትሰጠው እሷ ናትና። እውነት ነው፣ ትሰጥ ነበር። ስንዴ ጭኖ የመጣ ሾፌር ወይ የጎረቤት ባለሱቅ «አካም ጅርታ» ብሎ በሰላምታ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ፓስዎርድ ሲጠይቅ እንዴት ተብሎ እምቢ ይባላል? እኛ ዘንድ ውኃ ከመከልከል እኩል ነው። ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ለእንግዶቹ «ስጪያቸው እንጂ» የሚላት ሰው ነው። ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ፣ ጣት የተቀሰረው በእሷ ላይ ብቻ ነበር። አባቷ ካረፉ ወዲህ ታናናሾቿን የምታስተምረው በዚያችው ደመወዝ እንደሆነ የነገረኝ የፋብሪካው ዘበኛ ነው።

ፋየርዎል ገዝቼ አመጣሁ። ፋየርዎል ማለት በኢንተርኔቱና በቢሮው ኮምፒውተሮች መካከል ተቀምጦ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚፈትሽ ትንሽ ሳጥን ነው። መጀመሪያ ሁሉም ይዘጋል፤ ከዚያ የሚያስፈልገው ብቻ እየተመረጠ ይከፈታል። ለሒሳቡ ኮምፒውተር መንገድ ከፈትኩ። ጊንጪ ያለው መሸጫቸው ከአምቦ ጋር የሚገናኝበትንም መስመር ከፈትኩ፤ እሱ ከተቋረጠ ጊንጪ ላይ ደረሰኝ አይቆረጥም፣ ዱቄትም ከመጋዘን አይወጣም። የእንግዶቹን ዋይፋይ ለብቻው ለይቼ ሒሳቡ አጠገብ እንዳይደርስ አደረግኩት። ባለቤቱ ከኋላዬ ቆሞ «አለቀ? አሁንስ አለቀ?» ይለኛል። የእኔ ችኮላ አንሶ ሌላ ቸኳይ ተጨመረልኝ።

ሥራው አልቆ ሳጥኑን ሒሳብ ክፍል መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጥ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠራትና እኔ ባለሁበት «ይህ እቃ አንድ ነገር ቢሆን አንቺም እዚህ የለሽም» አላት። እሷ «እሺ ጋሼ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረባ ባልረባው ስልኬን እያወጣሁ ሳጥኑ መሥራቱን በኢንተርኔት አይ ነበር፤ ቀብር ላይ ሳይቀር አውጥቼ አይቻለሁ፣ ሴቶቹ ገላመጡኝ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ጎጆ ከተማ ሄጄ የአንድ መድኃኒት ቤት ኮምፒውተሮችን ስገጥም ያ የፈራሁት መጣ። ስልኬ ላይ ሳየው ፋየርዎሉ ጠፍቷል። ቆይቶ ተነሳ። ደግሞ ጠፋ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ደወልኩላት። መብራት አልሄደም፣ ማንም አልነካውም፣ በእናቴ እምላለሁ አለችኝ። ወዲያው ሰውየው ደወለ። ጊንጪ ገዢው ተኮልኩሏል፣ ሆን ብላ የምታጠፋው እሷ ናት፣ ነይና በዓይንሽ እይ፣ ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ አለኝ። ልመልስለት ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ። የመድኃኒት ቤቱን ሥራ እንዳለ ትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «አንሄድም ወይ?» እያልኩ ስነዘንዘው ረዳቱ «እህት፣ ከቸኮልሽ ውረጂና ግፊው» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ጊንጪ ስንደርስ መሸጫው በር ላይ ባለጋሪዎቹ ቆመው ሲራገሙ በመስኮት አየሁ። ከዚያ እስከ አምቦ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም።

ሒሳብ ክፍል ስገባ እሷ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላለች፣ እሱ በሩ ላይ ቆሟል። መደርደሪያውን ባይ ሳጥኑ የለም። ያለው ነጭ ዳንቴል ነው። በሳጥኑ ልክ የተሠራ፣ ጠርዙ የተዘመዘመ፣ ፊቱ ላይ በቀይ ክር «እንኳን ደህና መጡ» የተጠለፈበት። ዳንቴሉን ስገልጠው ከሥሩ ሳጥኑ በፌስታል ጥፍንግ ተደርጎ ታስሯል። ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ወይ ጉድ! እኛ አገር የምንሳሳለትን እቃ እናለብሳለን፤ ቴሌቪዥኑም ሶፋውም ይለብሳል። እዚያ ፋብሪካ ደግሞ የዱቄቱ ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ሳጥኑ ታፍኖ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ለሰውየው ማንም እንዳላጠፋው፣ ሙቀት እንደሆነ፣ ልብሱ ከተነሳለት እንደሚሠራ አስረዳሁት።

«ማነው ያለበሰው?» አለ።

ነገሩን ላድበሰብስ አፌን ስከፍት እሷ ቀድማኝ ተነሳች።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ዱቄት እንዳይገባበት ብዬ ነው።»

እጁን ዘረጋ። የካዝናውን ቁልፍ ነው የፈለገው። ሰጠችው።

ደሜ ፈላ። ያስፈራራሃት አንተ፣ ፈርታ ብትጠብቅልህ የምትቆጣ አንተ፣ በዚህ ግቢ ለንብረትህ እንደሷ የሚሳሳልህ ሰው አሳየኝ አልኩት። ሽማግሌ ፊት የማይባል ነገርም ሳልጨምር አልቀረሁም። እሱ ረጋ ብሎ «አንቺ የመጣሽው ለእቃው ነው» አለኝ። እሷ ዳንቴሉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ገለቶሚ» ብላኝ ወጣች። ምን አድርጌላት እንዳመሰገነችኝ እስካሁን አይገባኝም፤ እንዲያውም አናደደኝ።

በእሷ ቦታ የእህቱን ልጅ አስቀመጠ። ወራት አለፉ፣ ሳጥኑ ሳይቋረጥ ሠራ። አንድ ቀን ግን ጠፋና በዚያው ቀረ። ሄጄ ስከፍተው ሆዱ በዱቄት ተጠቅጥቋል፤ ማራገቢያው እንደ ሊጥ ተላቁጦ አልዞር ብሏል። በጨርቅ ወልወል ያደረገው ሰው አልነበረም። ሰውየው እንደ ልማዱ ከኋላዬ ቆሟል፤ «አለቀ?» ግን አላለኝም። ያቺ ልጅ የት እንደገባች ጠየቀኝ። አዲስ ዓለም ከተማ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሥራ እንዳገኘች ነገርኩት።

«እስቲ ደውዪላት» አለ ቀስ ብሎ። «ደመወዝ እጨምራለሁ፣ ትምጣ በያት።»

ደወልኩ። መልእክቱን አንድ በአንድ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ጤናዬን፣ እናቴን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ «ንገሪልኝ» አለች። «እኔን ከእቃ አሳንሶ ነው የሸኘኝ። እንግዲህ እቃው ይጠብቅለት።»

ልነግረው አላስፈለገኝም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌው ነበር።