አባዬን ለተሃድሶ ስልጠና ሐዋሳ ይዤው ስሄድ

ጠዋት፣ ዲላ መናኸሪያ

አባዬ ከዲላ ሐዋሳ ቅጥቅጥ አውቶቡስ እየነዳ ነው ያሳደገን። አሁን መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የተሃድሶ ስልጠና መውሰድ፣ ፈተና ማለፍ፣ ዓይኑንም መታየት አለበት ተባለ። ካላለፈ መኪናውን ለባለንብረቱ አስረክቦ ቤት መቀመጡ ነው። እኔ ገና ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ስለሆነ እማዬ አብሬው እንድሄድ አደረገችኝ።

«ፈተናው በኮምፒውተር ነው አሉ። አስለምጂው። ደግሞ አትጩሂበት» አለችኝ። የመጀመሪያውን ቃል ገባሁላት፤ ሁለተኛውን ዝም ብዬ አለፍኩት።

ተሳፋሪ ሆነን ሚኒባስ ጋቢና ተቀመጥን። አባዬ ተሳፋሪነት አይችልበትም። ኩርባ በመጣ ቁጥር እግሩ ሥር የሌለውን ፍሬን ይረግጣል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የምነዳው» አለው ሾፌሩ እየሳቀ።

«ንዳ፣ ማን ከለከለህ?» አለና ደግሞ ረገጠ።

መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰትና ቡና ነው፤ ዝናብ ስለጣለ ሁሉም ያብረቀርቃል። አለታ ወንዶ ላይ በመስኮት የተላጠ አናናስ በሃምሳ ብር ገዛሁ። አባዬ ተወደደ ብሎ ተቆጣ፣ ከዛ አብዛኛውን በላ። ሲጨርስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማነብነብ ጀመረ፦ «ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ።»

«ምንድነው እሱ?»

«የፈተና ነገር ነው። አታቋርጪኝ።»

ሐዋሳ፣ የመጀመሪያው ቀን

ታቦር ሰፈር ርካሽ ፔንሲዮን ያዝንና በባጃጅ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ማሰልጠኛ ሄድን። ግቢው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ሾፌሮች ተሞልቷል። አሰልጣኟ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። «ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ በፍሪ የሚወርድ አለ?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

በእረፍት ሰዓት ዮሐንስ የሚባል የአባዬ የመስመር ጓደኛ መጣ።

«ማርቆስ፣ ልጅህ ይቺ ናት? አንቺ ነሽ እንግዲህ አባትሽን ያበላሸሽው!»

«ምን አደረግኩ?»

«ከተመረቅሽ ወዲህ ኮራብን! ፊት ለፊት ስንተላለፍ መብራት እሰጠዋለሁ፤ ዝም። እጄን አወጣለሁ፤ ዝም። ዲግሪውን እሱ የወሰደ ነው የሚመስለው።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አባዬም ሳቀ፤ ግን ቶሎ ብሎ ወሬ ቀየረ። የእኛ መስመር ሾፌሮች መብራት ሳይሰጣጡ አይተላለፉም። ትራፊክ አለ፣ መንገድ ተበላሽቷል፣ ደህና ዋል፤ ሁሉም በመብራት ነው። አባዬ ሰላምታ የሚነፍግ ሰው አይደለም።

ወዲያው ከኋላዬ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጓደኛውን ሲያስጠና ሰማሁ፦ «ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ።»

«ምንድነው የምትሉት?» አልኩት።

«የዓይን ምርመራው ነዋ! ግድግዳው ላይ ሹካ የመሰሉ ምልክቶች አሉ፤ ጣታቸው ወዴት እንደዞረ ትናገሪያለሽ። ሰሌዳው ተቀይሮ አያውቅም፤ ቀድሞ የገባ ለሌላው ይነግራል።»

ያኔ ሁሉም ገባኝ። የምርቃቴ ቀን አባዬ እኔ መስላው ለሌላ ልጅ ቆሞ ሲያጨበጭብ «ጋውን ስንለብስ ሁላችንም አንድ ነን» ብዬ ስቄ ነበር።

ከሰዓት፣ አሳ ገበያ

ሐይቁ ዳር ጥብስ አሳ አዘዝን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው አጥንት ይጠብቃሉ። እኔ መጠበቅ አልችልም።

«አባዬ፣ ያቺ ጀልባ ላይ ምን ተጽፏል?»

«አሳዬን ልብላበት።»

«አይታይህም አይደል?»

አጥንቱን ለወፎቹ ወረወረ። «ቅርብ ያለው ብዥ ብሎም ቢሆን ይታየኛል። መነጽር ካደረገ ሾፌር ጋር ግን ማን ይሳፈራል? ባለንብረቱ ሲያየኝ አርጅቷል ብሎ ቁልፉን ይቀበለኛል።»

«እኔንስ እንዲሁ ነው ዩኒቨርሲቲ ስታመላልሰኝ የነበረው?»

«አንቺ ያለሽበት ቀን ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ሌላው ቀንስ? የሚጫነው የማን ልጅ ነው?»

ጮህኩበት። እማዬ ትፍረድብኝ። አባዬ ከራሱ ሳህን የአሳዋን ምርጥ ቦታ ቆርጦ፣ እሾኳን ለቅሞ፣ ሳህኔ ላይ አደረገልኝ። ልጅ እያለሁ እንደሚያደርገው፣ በጣቱ እየዳሰሰ። ማየት ቢያቅተውም እሾክ አልቀረበትም።

የምርመራው ቀን

የዓይን ምርመራው ክፍል በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋው እስከ ግቢው ይደርሳል። ዮሐንስ ከአባዬ ኋላ ነበር። ነርሷ በዱላ ጠቆመች።

«ቀኝ» አለ አባዬ። «ታች።»

ዞር ብሎ ወደ በሩ፣ ወደኔ አየ። እርግጠኛ ነኝ፣ ካለበት ቦታ ፊቴ አይታየውም።

«ሲስተር፣ ይሄን በቃሌ ነው የያዝኩት። አይታየኝም።»

ወረፋው ተንጫጫ። «ማርቆስ! ጉድ አደረግከን!» ብሎ ጮኸ ዮሐንስ። ነርሷ ግን ፈገግ አለች። «እስከዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ይቀመጡ ጋሼ። በመነጽር ካዩ መንዳት ማን ይከለክልዎታል? በመነጽር ይነዳል ተብሎ ይጻፋል፣ በቃ።» ከዛ ሰሌዳውን አንስታ ገለበጠችው። ከአባዬ በኋላ የገቡት ሾፌሮች ሲንተባተቡ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር።

መሃል ከተማ ገብተን መነጽሩን አሠራን። አባዬ ሱቁ ደጃፍ ላይ አደረገውና ወደ ታቦር ተራራ አየ። «ዛፎቹ አንድ በአንድ ይለያሉ እንዴ!» አለ። ከዛ ስልኬን ጠየቀኝና «የምርቃትሽን ፎቶ አውጪልኝ» አለኝ። ቆሞ አየው፤ ባጃጆች እየጮሁብን።

«ይቺ ነሽ ለካ» አለ። «በደንብ አላጨበጨብኩልሽም።»

መንገድ ላይ ቆመን አጨበጨበልኝ። አፈርኩ፣ አለቀስኩ፣ «እንሂድ በቃ!» አልኩት።

የኮምፒውተሩን ፈተና አለፈ። ማውሱን ግን እስከመጨረሻው እንደ መሪ በሁለት እጁ ነው የያዘው።

ወደ ቤት

ስንመለስም ጋቢና ነበርን። ከአለታ ወንዶ አለፍ እንዳልን ከሩቅ አንድ አውቶቡስ መጣ።

«ዮሐንስ ነው! መብራት ስጠው!» አለው ሾፌሩን፤ ራሱም ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ እጁን አውለበለበ። ከእኛ ቀድሞ ወደ ሥራው የተመለሰው ዮሐንስ እስኪያልፈን ድረስ ጥሩንባ ነፋ።

እኔ ፈተና እንዲያልፍ ላስጠናው ነበር የሄድኩት። እሱ ያጠናውን ትቶ እውነቱን ተናግሮ አለፈ። ስለ ስልጠና የገባኝ ይሄ ነው፤ ሌላውን አሰልጣኟ ብትናገረው ይሻላል።

እማዬ በር ከፍታ አየችውና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ፣ ሽማግሌ መሰልክ!»

አባዬ መነጽሩን አስተካክሎ ቀረብ ብሎ አያት፤ ረጅም ጊዜ።

«አንቺስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»