አባቴ ሹፌር የሆኑበት የእግር ጉዞ

አባቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መጠጡ አልነበረም።

«በእግር ለመሄድ ብላችሁ አንድ ሰዓት በመኪና ትሄዳላችሁ?» ነበር ያሉኝ። «እዚሁ ሰፈራችን ሬድስቶን ዙሪያ አትዞሩም?»

እኔም በጥንቃቄ አስረዳኋቸው። ጓደኛዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። አያቷ ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ በልደታቸው ቀን ወዳጆቻቸውን ይዘው በገጠር መንገድ በእግር ይሄዱና በየመሀሉ ፐብ ገብተው ያርፉ ነበር። ባለፈው ክረምት ስለሞቱ፣ ዘንድሮ ልማዱን በራሷ ልደት ልትቀጥለው ፈልጋለች። ከካልጋሪ በስተደቡብ ተርነር ቫሊና ብላክ ዳይመንድ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ በሜዳው መሀል የሚያልፍ የእግር መንገድ ያገናኛቸዋል። የምንሄደው እሱን ነው።

«ፐብ መጠጥ ቤት ነው» ብዬ ጨመርኩ፣ ምንም እንዳልደበቅኩ እንዲታወቅልኝ። «እኔ አልጠጣም። እነሱ ግን ይጠጣሉ።»

«ፐብ ምን እንደሆነ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። አባቴ ካናዳ መጥተን ካልጋሪ ከገባን ጀምሮ ታክሲ ይነዳሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በዕድሜያቸው አንድ ጠብታ አልቀመሱም። ግን ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከመሀል ከተማ ሰካራም ሲጭኑ ነው የኖሩት። ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደሚሳደብ፣ ማን እንደሚያስመልሰው ገና በሩን ሲከፍት ያውቃሉ።

ሳቃቸውን አቆሙ። እኔም ስለ ምን እንደሚያስቡ ገባኝ። ባለልደቷ፣ ሌላ ጓደኛችንና እኔ ከመስከረም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤዝመንት የሚሉትን አንድ ምድር ቤት ልንከራይ ተስማምተን ነበር። አከራይዋ ሰኞ መልስ ትጠብቃለች። አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ እሺም እምቢም አላሉም፤ «ልጆቹን ሳላውቃቸው ምን እላለሁ» ብቻ ነበር መልሳቸው።

«እንግዲያው እኔ አደርሳችኋለሁ፤ እኔው እመልሳችኋለሁ» አሉ። «ሰው ጠጥቶ ነው የሚታወቀው። ከልጄ ጋር የምትኖረውን ከኋላ ወንበር ስትቀመጥ አውቃታለሁ።»

ለጓደኞቼ የነገርኳቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት አባቴ በቤተሰቡ ቫን ሻያቸውን በቴርሞስ፣ መስገጃቸውን ከኋላ ይዘው ተነሱ። መጀመሪያ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ሄደን ሁለተኛዋን ጓደኛዬን ጫንን። ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፤ እናቷ አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ ቤታቸው ውስጥ ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። «ጋሼ፣ ሰንደይ ኦፍ ቀንዎን ለእኛ ሰጡን፣ ላይክ፣ ሶ ናይስ!» እያለች ገባች። ቀጥሎ የወሰድናት ባለልደቷ የአያቷን ኮፍያ አድርጋ፣ አባቴን በአክብሮት ጨብጣ ከኋላ ተቀመጠች። አባቴ በመስታወት አዩአት። እኔ ማየታቸውን አየሁ።

ተርነር ቫሊ አውርደውን ብላክ ዳይመንድ ሊጠብቁን ሄዱ። የመጀመሪያው ፐብ ግድግዳው ላይ የአጋዘን ጭንቅላት የተሰቀለበት ጠባብ ቤት ነበር። ሁለቱ ድራፍት አዘዙ፣ እኔ ጂንጀር ኤል የሚባለውን የዝንጅብል ለስላሳ። ባለልደቷ ስለ አያቷ እያወራች የመጀመሪያውን ቶሎ ጨረሰችና ሌላ አዘዘች። እኔ የተጠበሰውን ድንች ሳህን ወደ እሷ ገፋሁት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ገፋሁት። ውሃም አስመጣሁላት።

«ምነው ብዪ ብዪ አበዛሽባት?» አለችኝ ኤርትራዊቷ በአማርኛ። «እናቴን መሰልሽ እኮ።»

«ባዶ ሆድ ጥሩ አይደለም ብዬ ነው።»

«ባዶ ሆድ?» ሳህኑን አሳየችኝ። ከግማሽ በላይ ተበልቷል።

ከዚያ መንገዱን ጀመርን። ነፋሱ ከተራራው በኩል ቀዝቃዛ ነበር፤ ጫፎቹ ላይ ገና በረዶ አለ። በአጥሩ ማዶ ጥቁር ከብቶች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩናል። ሽኮኮ የሚመስሉ ጎፈሮች ከጉድጓዳቸው ብቅ ብለው እንደ ዘበኛ ቆመው ይጮሁብናል። ባለልደቷ ከፊት ከፊት እየዘፈነች ትሄዳለች። ቀጥ ብላ መሄዷን ከኋላዋ ሆኜ አያለሁ።

ኤርትራዊቷ ክንዴን ያዘችኝ። «ስሚ፣ ምን ሆነሻል? እግሯን ነው የምትቆጥሪው?»

መዋሸት አልሆነልኝም። አባቴ ያሉትን ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ኢንተርቪው ነው? ሻይ ይዘው የመጡት ሊፈትኑን ነው?»

«እባክሽ ለእሷ አትንገሪያት። ልደቷ ነው።»

«ወላሂ አልነግራትም» አለች። ክርስቲያን ናት፤ ወላሂ የምትለው እኔን ለማብሸቅ ነው። ወዲያው ሮጣ ደረሰችባትና ነገረቻት።

ባለልደቷ ዘፈኗን አቆመች። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። ኮፍያዋን አውልቃ «እስካሁን የጠጣሁት ብዙ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ብላክ ዳይመንድ ድረስ ያወራነው ስለ አየሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፐብ ስንገባ አስተናጋጇ ልደት መሆኑን ከኤርትራዊቷ ሰምታ «ባለልደቷ ማንኛችሁ ናት? ምን ልቅዳልሽ?» አለች።

«ውሃ» አለች ባለልደቷ።

«ለእኔም ውሃ» አለች ኤርትራዊቷ፣ በትልቅ መሥዋዕትነት።

«ጠጪ እንጂ» አልኳት ባለልደቷን። «የአያትሽ ልማድ ነው። እኔ አባቴን አስረዳቸዋለሁ።»

«ቤቱን እፈልገዋለሁ» አለችኝ። «ከእናቴና ከእንጀራ አባቴ ጋር መኖር አልችልም። አያቴ ቢኖሩ ይረዱኝ ነበር።»

ሦስት ብርጭቆ ውሃና እኔ ያዘዝኩት የተጠበሰ ድንች መጣ። ማንም አልነካውም። ሁሉንም ሰው ደስ ላሰኝ ብዬ የአንድን ሰው ልደት እንዳበላሸሁ እያሰብኩ የድንቹን ሳህን ወደ ባለልደቷ እገፋለሁ። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና አባቴ ገቡ።

የመጡት እኛን ፍለጋ አልነበረም። የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር ሰዓት ደርሶ ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉበት ቦታ ፈልገው ነው። ታክሲ ነጂ የትኛው ቤት ንጹሕ መጸዳጃ እንዳለው ከውጭ አይቶ ያውቃል። ሲያልፉ ግን አዩንና ቆሙ።

«ማን ሞተ?» አሉ በእንግሊዝኛ።

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ልደት አይደለም እንዴ? ምንድን ነው ይሄ ውሃ?»

ባለልደቷ ቀና አለች። «ፈተና ላይ መሆናችንን ሰማሁ። ስለዚህ አቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ቢራ እፈልጋለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገርሻቸው?»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች ኤርትራዊቷ ፈጥና። «እሷ አትንገሪ ብላኝ ነበር። ግን እኔ፣ ላይክ፣ ምስጢር አልችልም።»

«ምንም አትችይም?»

«ምንም።»

አባቴ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ መጸዳጃው ገቡ። ሲወጡ እጅጌያቸው ተጠቅልሎ ጢማቸው ይንጠባጠብ ነበር። የባሩ ሰዎች ሁሉ አዩአቸው፤ እሳቸው ማንንም አላዩም። ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመው ባለልደቷን «አያትሽ ምን ነበር የሚጠጡት?» አሏት።

«ጥቁር ቢራ።»

«እዘዢ። የሞተ ሰው ልማድ በእኔ ምክንያት አይቋረጥም።» ወደ በሩ ሲሄዱ ለእኔ ብቻ በአማርኛ «አንቺም ድንቹን ብዪ፤ ከስተሻል» አሉኝ።

ቢራው መጣ። ባለልደቷ በሁለት እጇ አስጠግታ ያዘችውና ሳትጠጣው ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ጠጣች። ከዚያም መዝፈን ጀመረች፤ ኤርትራዊቷም ግጥሙን ሳታውቀው ተቀበለቻት። ሦስተኛው ፐብ ከዚያው መንገድ ማዶ ስለነበር እሱንም አዳረስን። አባቴ ሰግደው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ወንበራቸውን ለጥጠው ተኝተው ነበር። መስኮቱን ስናንኳኳ ነው የነቁት።

ስንመለስ ባለልደቷ ስለ አያቷ፣ ስለ እንጀራ አባቷ፣ እንደገና ስለ አያቷ እያለቀሰች አወራች። አባቴ «እህ» እያሉ ሰሟት። ኦኮቶክስ የምትባለውን ከተማ ሳናልፍ መስታወቱን ተደግፋ ተኛች። አባቴ ሬዲዮውን ቀነሱት። ሁለቱንም በየቤታቸው አድርሰን ሬድስቶን ስንደርስ ሞተሩን አጠፉ፤ ግን አልወረዱም።

«ያቺ ልጅ ስትጠጣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ችግር የለባትም» አሉ። «ያቺኛዋ ያየችውን ሁሉ ትናገራለች። እሷም ጥሩ ናት፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ወዲያው እሰማለሁ።»

«ስለዚህ እሺ አሉ?»

«አንቺን አላወቅኩሽም።»

«እንዴት?» አልኩ።

«ሁሉን ሰው ደስ ለማሰኘት ስትጨነቂ አየሁሽ። ጠዋት ባለልደቷን በመስታወት ሳያት አንቺ የምታይው የእኔን ፊት ነበር። ፐቡ ስገባ ደግሞ የእሷን ፊት ነው የምታይው። ኪራይ ቤቱ ብትገቢ ማን ሳህን እንደሚያጥብ፣ ማን እንደሚሰለችሽ ትናገሪያለሽ? ወይስ ድንች ትገፊላቸዋለሽ?»

«አባ…»

«ቤቱን ትፈልጊያለሽ?»

«አንቱ ከፈቀዱልኝ…»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

የጎረቤታችን ጋራዥ በር እየተከፈተ ነበር። ተከፍቶ እስኪያልቅ አየሁት። «እፈልገዋለሁ» አልኩ። «እምቢ ቢሉኝም እፈልገዋለሁ። ደግሞ ሳህን የማጥበው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

አባቴ መሪውን በጣታቸው ትንሽ መታ መታ አደረጉ።

«እሺ» አሉ። «ለእናትሽ ግን አንቺው ንገሪያት። እኔ ሰካራም እችላለሁ፤ እሷን አልችልም። አብሽሪ፣ ግቢ።»

እሳቸው የቫኑን ምንጣፍ ላራግፍ ብለው ውጭ ቀሩ። እኔ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «እማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።