የሰው ወፍ

የካ ሚካኤል አካባቢ ጋሽ ሠረቀብርሃን የሚባሉ ሰው አሉ። ሥራቸው እንጨት ላይ ሥዕል ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም ነው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከልጃቸው ከዘቢደር ጋር ይኖራሉ። ታዲያ ዓይናቸው በግላኮማ አለቀ። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም ክረምቱን እንደማይሻገር ሐኪሙ እቅጩን ነግሯቸዋል።

ምን ያድርጉ እንግዲህ? ሳይጨልምብኝ አንዲት ሰሌዳ፣ አንዲት ብቻ፣ ቀርጬ ልለፍ አሉ። አንድ እንግዳ ትቶላቸው በሄደው መጽሐፍ ውስጥ፣ በካናዳ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ክዋክዋካዋኩ የተባሉ ሰዎች የሚያትሟቸው ወፎች አሉ። አንዱ ሆክሆክ ይባላል። ምንቃሩ ክንድ ያህላል፤ የሰው ጭንቅላት ሰብሮ አንጎል ይበላል አሉ፣ ጉድ እኮ ነው! በክረምት ሥርዓታቸው የወፉን ጭንብል አጥልቀው ይጨፍራሉ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ገና ሲያዩት ልባቸው ተሰረቀ። ሰባት ወር ሙሉ አፍንጫቸውን የዋንዛ ሰሌዳ ላይ ደፍተው፣ አንዲት መስመር ሳያዛንፉ ገለበጡት። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በእነሱ ቤት የቀደመውን ሥዕል እንዳለ መገልበጥ ክብር መስጠት ነው እንጂ፣ ሌብነት ነው ብሎ ማን ያስባል?

ወፉ የሚሰቀልበት፣ ጉርድ ሾላ የሚከፈተው ኤግዚቢሽን ሳምንት ሲቀረው፣ ዘቢደር ለግድግዳው መግለጫ ልታዘጋጅ ብላ መጽሐፉ ውስጥ ከሥዕሉ ሥር ያለውን እንግሊዝኛ አነበበች። ወፉ ለካ ባለቤት አለው። የአንድ ቤተሰብ ነው፤ በውርስ ወይም በጋብቻ ያላገኘው፣ ድግስ ደግሶ ምስክር ያልጠራበት ሰው አያሳየውም።

"ጻፊላቸው" አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን።

የቤተሰቡን ኢሜይል ፈልጋ ጻፈች። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ቢሳደቡ እኮ ይሻል ነበር! "ስለጠየቁን እናመሰግናለን። ወፉ የአያታችን ነው። እባክዎ አይስቀሉት" ይላል።

"አባባ፣ እዚህ አገር ማን ያውቅብናል? ስለ ማርያም!"

"ጠይቄ፣ እንቢ ተብዬ? ምን ነካሽ ዘቢደር!"

"እንግዲያው ሌላ ይቅረጹ" አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች። በምን ዓይናቸው?

ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። "ምነው ዓይኔ እሱን ሳያይ በጠፋ!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰቅሎት ይገላገል ነበር፤ እሳቸው ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት መላጊያውን ከግድግዳ አውርደው፣ ወፉን ከሰሌዳው ላጊልኝ ብለው ለልጃቸው ሰጧት። የራሳቸውን እጅ አላመኑትም።

ዘቢደር እያለቀሰች ላገችው። ፍቅፋቂው እግሯ ሥር ተከመረ።

"አለቀ አባባ" አለች።

እጃቸውን ሰደው ሰሌዳውን ዳሰሱ። ክንፉ የለም። ዓይኑም የለም። ጣታቸው ወደ ጥጉ ሲደርስ ቆመ።

"ምንቃሩ አለ" አሉ።

ዘቢደር መላጊያውን ወደ ግድግዳው ልትመልስ ተነሳች።

"ጨርሺው፣ ልጄ።"